ሎሚ የምታክል

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ ተሻግራ መጣች። 22 ዓመቷ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት አይቻታለሁ። ቀኝ ጡቷ ላይ ያለችው እብጠት አድጋለች ትላለች። እናትየው ደግሞ "ኧረ ያችው ናት! ብረት ከነካት ነው የምትዛመተው" ብለው ይሟገታሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በልበ ሙሉነት ካርዷን ገለጥኩ።

በራሴው እጅ ጽሑፍ፦ "ተንቀሳቃሽ፣ ሕመም የሌላት፣ ሎሚ የምታክል።"

የየት ሎሚ? ቅዳሜ ገበያ ብትወጡ አውራ ጣት ከሚያክለው ጀምሮ ብርቱካን እስከሚጠጋው ድረስ ሁሉም ሎሚ ነው።

ያኔ አለማውጣቴ ልክ ነበር። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ፋይብሮአዴኖማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የጡት ዕጢ፣ ብሏታል፤ ስትነካም ከጣት ሥር ሾልካ ታመልጣለች። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለችው ብዙ ጊዜ ባለችበት ትቆያለች፣ አንዳንዷም ትሟሽሻለች። ሳታሳምም፣ ቅርጽ ሳታበላሽ፣ ልጅቷም ይውጣልኝ ሳትል ጠባሳ ማትረፍ ለምን? ችግሩ ቶሎ ካደገች ነው። ፊሎደስ የሚባለው፣ አንዳንዴ ካንሰር ሊሆን የሚችለው ዕጢ በአልትራሳውንድም በቀጭን መርፌም ከፋይብሮአዴኖማ ጋር ይምታታል፤ የሚያጋልጠው ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ደግሞ ያለ ቁጥር አይታወቅም። እኔ "እንከታተላት" ብዬ ቀጠሮ ሰጥቼ፣ የምንከታተልበትን ነገር አልጻፍኩም።

የዚያን ጊዜ አልትራሳውንድ ሌላ ቦታ ነበር የተነሳችው፤ ወረቀቱም ከእነሱው ጋር ሄዷል። ጠፍቷል ብዬ ተስፋ ስቆርጥ እናትየው ጥቁር ፌስታል ፈቱ። ከክትባት ካርድና ከመብራት ደረሰኝ መሀል፣ በአራት የታጠፈች ወረቀት ወጣች። 1.9 ሴንቲ ሜትር። የዛሬው 3.8።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። እናትየውን ግን ቁጭ አድርጌ ማስረዳት ነበረብኝ፤ የብረቱ ፍርሃት ቀላል አይደለም፣ ስንቷን ቤቷ አስቀርቷል። "እንግዲህ እኔው ነኝ በወረቀቴ ያስቆረጥኳት" አሉና ሳቁ።

አወጣናት። የወጣችው እብጠት የተመረመረችበት የፓቶሎጂው ውጤት ፋይብሮአዴኖማ ሆኖ መጣ፤ ሁላችንም ተነፈስን።

ክር ልናወጣ የተቀጠሩ ዕለት እናትየው የፓቶሎጂውን ወረቀት ፌስታሉ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ጠባሳውን ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይኼስ ስንት ነው? ጻፍልን እንጂ ልጄ።"

ከኪሴ ማስመሪያ አወጣሁ። ሦስት ተኩል። ጻፍኩላቸው።