የቅጠሏ ስም

ማክሰኞ ማታ

ልጄ አሁን ተኛች። ቅድም ሳሎን ጥግ ያለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ውሃ ስረጭ አንዷ ግንዱ ላይ ቆማ ትወዛወዝ ነበር። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ሽው የሚል ነገር የለም። እሷ ግን አንድ እርምጃ ትሄድና ቆም ብላ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ልክ ንፋስ እንደነካው ቅጠል። ይሄን ባየሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ሥራ እረሳለሁ።

ቅጠል መሳይ ነፍሳት ናቸው። እዚህ ጀርመን እቤታቸው የሚያሳድጓቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አምና የልጄ የክፍል ጓደኛ ስምንት እንቁላል በክብሪት ሳጥን አድርጋ ሰጠቻት። እኔ መጀመሪያ የአበባ ዘር ነበር የመሰለኝ። ቡናማ፣ ደረቅ፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው ነገር። ወራት ጠብቀን አምስቱ ተፈለፈሉ። ከዚያ ወዲህ በበረዶ ቀን ሁሉ ፓርኩ ጫፍ ድረስ ሄደን የጫካ እንጆሪ ቅጠል እንለቅማለን። በብርዱ ወራት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይልን እሱ ነው።

ሴቷን ጠጋ ብሎ ላያት ሰው ታስደንቃለች። የፊት ክንፎቿ ጀርባዋ ላይ ተጋጥመው የቅጠል ደም ሥር ይሠራሉ፤ መሃል ላይ ዋናው መስመር፣ ከሱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፎቹ። ሆዷ ዳር ላይ ትል የቀመሰው የሚመስል ቡናማ ጠርዝ አለ። መብረር አትችልም። ወንዱ ደግሞ ቀጭን ነው፤ አንቴናው ረጅም፣ የኋላ ክንፉ እንደ ላስቲክ የሚያሳይ፣ በራሪ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዘመድ ናቸው ብሎ አይገምትም።

ልጄ ሳጥኑ ላይ የምትለጥፈውን ወረቀት ስታዘጋጅ ነው የጠየቀችኝ። «እማ፣ ስማቸውን ግን ማን አወጣላቸው?»

አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሳነብ ቆየሁ።

የኛዎቹ ፊሊየም ፊሊፒኒከም ይባላሉ። አገራቸው የፊሊፒንሷ ሉዞን ደሴት ነው። ሳይንስ ይሄን ስም የሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያን ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ። ምን ያህል ሺህ ዓመት እዚያ ዛፍ ላይ ሲወዛወዙ ኖረው፣ ስም ያገኙት ትናንት ነው።

የመጀመሪያው ቅጠል መሳይ ነፍሳት ስሙን ያገኘው በ1758 ነው፤ ሰጪው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ። ከፌንጣዎች ጋር መደበው፤ የራሱን መጠሪያ ደግሞ «ደረቅ ቅጠል» አለው። እኔ ስገምት የደረሰው የደረቀ ናሙና ነበር። የኛዋ የመጀመሪያዋ ሴት ስትሞት መስኮት ላይ አስቀምጠናት፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ ሄዶ ቡናማ ሆነች። በ1798 ፊሊየም የሚለው የወገን ስም፣ ማለትም የተዛመዱ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ፣ መጣ፤ በግሪክኛ ቅጠል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቅጠል የሚመስለው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ስም ሥር ገባ።

ለምሳሌ ሴሌቢከም የሚባል ስም አለ። በ1842 የወጣ፣ ድሮ ሴሌብስ ትባል ከነበረችው ከኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት የመጣ። በኋላ ግን ከታይላንድም ከቬትናምም የመጣውን ተመሳሳይ ነገር ሁሉ ሴሌቢከም ነው ይሉት ጀመር። አዲስ ዝርያ ሲገለጽ አንድ ናሙና ተመርጦ ሙዚየም ይቀመጣል፤ የስሙ ባለቤት ያ አንዱ ናሙና ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ ጋር ተመሳክሮ ነው ያንን ስም መያዝ የሚችለው። እዚህ ላይ ግን ብዙው በመልክ ብቻ ታልፎ ነበር። መልክን ማመን ደግሞ ከባድ ነው። ሁሉም የተፈጠሩት ቅጠል ለመምሰል ነዋ! አንዱ ከሌላው ይልቅ ቅጠሉን ነው የሚመስሉት።

በ2021 ተመራማሪዎቹ ሮይስ ከሚንግ፣ ሳራ ባንክ፣ እዚህ ጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲው ስቬን ብራድለርና ባልደረቦቻቸው ዲኤንኤውንም አካሉንም እንቁላሉንም አንድ ላይ አዩት። ያ የሴሌቢከም ክምር ተበተነ። ራሱን የቻለ ወገን ወጣው፤ ክሪፕቶፊሊየም አሉት፣ ድብቁ ቅጠል። በአንድ ጥናት ብቻ 13 አዳዲስ ዝርያዎች ተገለጹ። አንዱ በካምቦዲያ ሕዝብ ስም ክመር ተባለ፤ ሌላው ኑይ ቹዋ በሚባለው የቬትናም ብሔራዊ ፓርክ ተሰየመ። በ2023 ደግሞ ሰባት ተጨመሩ፤ ከነሱ ውስጥ ከሕንድ፣ ከጃቫ፣ ከፊሊፒንሷ ሳማር ደሴት የመጡ አሉ። እስካሁን በዓለም የታወቁት ቅጠል መሳይ ዝርያዎች ከ100 ብዙም አይበልጡም። ከዚያ ውስጥ ሃያው በሁለት ጥናት የመጣ ነው ማለት ነው።

ልቤን የነካው ግን የሌላ ወገን ታሪክ ነው። ይሄ ከእስያ ትንሽ ይሻገራል፣ ኒው ጊኒ። ከ1906 ጀምሮ ናኖፊሊየም የሚባል ወገን ነበር፤ የታወቁት ወንዶች ብቻ ናቸው፣ ትንንሽ። ፊሊየም ውስጥ ደግሞ ሴቶቻቸው ብቻ የሚታወቁ ትልልቅ ዝርያዎች ነበሩ። ከነሱ አንዷ አሴኪየንሴ ትባላለች። በ2018 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ኢንሴክታሪየም የሚባለው የነፍሳት ሙዚየም፣ ስቴፋን ለ ቲራን ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የመጡ የዚህች እንቁላሎች ደረሱት። ተፈለፈሉ፣ አደጉ። ወንዶቹ ሲያድጉ ናኖፊሊየም ሆነው ተገኙ። ከመቶ ዓመት በላይ በሁለት ስም፣ በሁለት ወገን ተጽፈው የኖሩት ለካ ባልና ሚስት ናቸው። በ2020 ታተመና ሴቷም ናኖፊሊየም አሴኪየንሴ ተባለች።

ይሄን ያነበብኩ ማታ ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እዚህ አገር እንደመጣን አንድ መሥሪያ ቤት ያጋጠመንን አስታወስኩ። የኔ መታወቂያ ላይ ያባቴ ስም አለ። የባለቤቴ ላይ ያባቱ። የልጄ ላይ ደግሞ ያባቷ፣ ማለትም የሱ የራሱ ስም። እኛ አገር ይሄ ማንንም አያስገርምም። ጠረጴዛው ማዶ ያለችው ሴትዮ ግን ሦስት ሰው በሦስት የቤተሰብ ስም ነው ያየችው። ልጅቷ ያንቺ ለመሆኗ ማስረጃ አምጪ አለችኝ። ልጄ የዚያን ጊዜ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንገቴን አቅፋ ይዛኛለች። የልደት ምስክር ወረቀት ተተርጉሞ፣ ማህተም ተደርጎበት፣ ተመልሶ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ሴትዮዋን ክፉ ነበረች አልልም። የነበራት ቅጽ ያንን ነው የሚያሳያት። ግን በዚያ ወረፋ ላይ ቆሜ የተሰማኝ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ለዛ ነው የነዚህ ሰዎች ሥራ ትንሽ ሥራ የማይመስለኝ። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ያለ ጉድጓድ በማይክሮስኮፕ መቁጠር፣ መቶ ዓመት የሞላውን ናሙና እግር መለካት፣ ከዚያ ደፍሮ «ይቺ የዚህ ናት» ብሎ መጻፍ። ሙዚየም ውስጥ ስም ሲታረም የድሮውን ወረቀት ቀደው አይጥሉትም። አዲሱን እዚያው መርፌ ላይ ከሥሩ ይሰኩታል። አንዳንዷ ነፍሳት ሥር ሦስት አራት ወረቀት ተደራርቦ ይገኛል። ስህተቱም የታሪኳ ክፍል ሆኖ ይቀመጣል። ይሄን ለልጄ ስነግራት በጣም ወደደችው።

የሳጥኑን ወረቀት ጨርሳለች። በግራ በላቲን፣ በቀኝ በኔ እገዛ በአማርኛ፦ ፊሊየም ፊሊፒኒከም፣ ሉዞን። «ፊ»ዋን ሁለት ጊዜ አጥፍታ ነው የጻፈችው። ከሥሩ የሁላችንን ስም ጨመረችበት፣ የሷን፣ ያባቷን፣ የኔን፣ እያንዳንዱን ከነአባቱ።

ዛሬ ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት እያለች ከአዲሶቹ እንቁላሎች ሁለቱ ተፈልፍለው አገኘሁ። ገና ሲወጡ ቅጠል አይመስሉም። ጠቆር ያሉ ቀያይ ናቸው፣ እንደ ጉንዳን ይሮጣሉ። አረንጓዴ የሚሆኑት ቅጠል መብላት ሲጀምሩ ነው። ማታ ሳያቸው አንደኛው የእንጆሪውን ቅጠል ዳር ትንሽ ቀምሷል። ሌላው አሁንም ክዳኑ ላይ እየሮጠ ነው።