በረዶ የተፈተነበት ጎማ

ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ከሄደ ወዲህ ስልክ ሲደውል ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወሬው ጎማ ነው። እዚያ የበጋውን ጎማ አውልቀው የበረዶውን ያስራሉ፤ በረዶው ሲያልፍ መልሰው ይቀይራሉ። ይህ የሰለቸው ሰው ዓመቱን ሙሉ የማይወልቀውን፣ «ኦል ሲዝን» የሚሉትን ይገዛል። የአክስቴ ልጅ ግን ኦል ሲዝን አይዋጥለትም። «ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ላስቲኩ ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም» ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ በነሐሴ 7 ዲግሪ የሚገኘው ፍሪጅ ውስጥ ነው ብለው ማን ይስማኝ!

በ2014 ክረምት የቪትዝ መኪናዬ ጎማ ጥርሱ አለቀ። እማዬ ደግሞ ለፍልሰታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አድርሰኝ ብላለች። በጀልባ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ እሷ ግን ጣና ዳር ተወልዳ ጣና ዳር ያረጀች ሆና ውኃ ትፈራለች። «ምነው፣ እኔ ዓሣ ነኝ?» ትላለች። የቀረው የመኪናው መንገድ ነው። የዘጌን መንገድ በነሐሴ ያየ ሰው ይረዳኛል።

ጎሚስታው ጋ ሄድኩ። አዲስ ኦል ሲዝን አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ጎማ ደርድሯል። ዓይኔ ያረፈው አዲሱ ላይ ነበር። በዚህ መሀል የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለ።

«አዙረው! ጎኑን አሳየኝ!»

አዞርኩት። ያገለገለው ጎማ ጎን ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከአጠገቡ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ተራራው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት። የአክስቴ ልጅ ጮኸ። ጽሑፉ ጭቃና በረዶ ማለት እንደሆነ፣ እሱን ግን ፋብሪካው የጥርሱን ቅርጽ ብቻ አይቶ እንደሚለጥፈው፣ ተራራው ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ብቻ እንደሚሰጥ አስረዳኝ። እኔን ሲያስረዳ ጎሚስታውም አብሮ ይማራል። ማብራሪያው ሲያልቅ የጎማው ዋጋ ጨመረ።

«ወንድሜ፣ ካናዳ ድረስ ተመስክሮለት እኮ ነው!»

«የተመረተበትን እየው፣ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች» አለ የአክስቴ ልጅ። 3513 ይላል፤ የ2013 35ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጎሚስታው ፊቱ በራ። «2013! አምና ማለት እኮ ነው!» የፈረንጅ 2013 መሆኑን፣ ጎማው 9 ዓመት ሊሞላው እንደተቃረበ የአክስቴ ልጅ ከስልኩ ውስጥ ሊያስረዳ ሞከረ። «እንዳት…» ሲል ኔትወርኩ ሄደ።

«እንዳትተወው ሊልህ ነው» አለ ጎሚስታው፣ ክሪኩን እያነሳ።

ጎማውን እንደ ጥቁር እንግዳ ሊያይ የቆመ አንድ የሚኒባስ ሹፌርም «በረዶ ያልበገረውን ጭቃ አይበግረውም» ብሎ ፈረደ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ዞር ስል አራቱም ታስረዋል።

አስፋልት ላይ እንከን አልነበረውም። ከአስፋልቱ ወርደን የዘጌን አቅጣጫ ስንይዝ ግን እውነቱ መጣ። የበረዶ ጎማ ጥርሱ በቀጫጭን መስመር የተሰነጣጠቀ ነው፤ በረዶው እዚያ ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ በረዶ ደግሞ በረዶን ስለሚይዝ መኪናው ይሄዳል። ጭቃ ግን ጭቃን አይይዝም። ለጭቃ የሚሆነው ጥርሱ ሰፊና ጥልቅ፣ ሲሽከረከር የያዘውን ወደ ኋላ የሚወረውር ጎማ ነው። የእኔ ምንም አይወረውርም፣ ያጠራቅማል። ወርጄ ሳየው ጥርስ የሚባል ነገር የለም፤ አራቱም በደንብ ከተሟሸ ምጣድ በላይ ለስልሰው ወጥተዋል።

ነዳጅ ስሰጠው ቂጡን ወደ ቦዩ አዞረና ቆመ።

እማዬ ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጧፏን ታቅፋ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ይህን ጎማ ገዝተኸው ነው ወይስ አደራ ሰጥተውህ?»

መልስ ሳልሰጥ ጎማው ጥርስ የሌለው ባጃጅ፣ ከኋላ አራት ሰው ጠቅጥቆ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ አለፈን። ቀላል ስለሆነ አይሰምጥም። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አይዞን!» አለን። ከስድብ የሚብስ አይዞን አለ።

ከዚያ ልጆቹ መጡ። ከየት እንደመጡ አላየሁም። ከሐይቁ ዳር የታጨደ ደንገል ተሸክመዋል፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለካ ጎማ ሥር ሲነጠፍም ያገለግላል። አለቃቸው አሥር ዓመት አይሞላውም፤ ጎንበስ ብሎ ጎማዬን መረመረና «አይ ጋሼ፣ ይሄ የበረዶ ነው» አለኝ። ተራራዋን ያውቃታል! ከእኔ በፊት ስንቱ በረዶ የተፈተነ እንደሰመጠ እግዜር ይወቀው።

ታሪፍ አላቸው። የቤት መኪና 300 ብር፣ ሚኒባስ 500፣ አይሱዙ በድርድር።

«እማማ ካልወረዱ 50 ይጨመራል» አለ አለቃው።

«እኔን ጭነት አደረግኸኝ?» አለች እማዬ። መስታወቱን አወረደችና ድርድሩን ከእጄ ነጠቀችው። ኪዳነ ምሕረትን ጠራች፣ የዘጌውን ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያምን ጠራች፣ የልጁን አያት ስም ጠይቃ አወቀቻቸው። 50ው ቀረ። ልጆቹ ደንገሉን ነጥፈው፣ የጎማውን ንፋስ ትንሽ እንዳጎድል አዘውኝ፣ «ሆ!» ብለው ገፉን። ጭቃው እኔን ከእግር እስከ ራስ ለበጠኝ፤ መኪናዋ ወጣች።

ብሩን ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ እስቲ። ደርሶ መልሱን ስንት ታደርጉልናላችሁ?»

ልጁ አሰበ። «500። ግን ከቅዳሴ በኋላ ወረፋ አለ፤ አሁኑኑ ተመዝገቡ።»