ቀዩ ጃኬትና የአባዬ ፍሬን

እናቴ ቀዩን ጃኬት ስታይ «የማን ሰርግ አለ?» አለችኝ። ሰርግ አልነበረም። ስኪልስ ዩኤስኤ የሚባለው የሙያ ተማሪዎች ማኅበር መለያ ነው፤ ከነጭ ሸሚዝ፣ ከጥቁር ክራባትና ከጥቁር ሱሪ ጋር ይለበሳል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሃይስኩል ሳለሁ የመኪና ጥገና እማር ነበር። መምህራችን የዚህ ማኅበር ክበብ ውስጥ ግቡ ሲሉን ሙድ አልሰጠኝም። ሞተር ልፈታ እንጂ ስብሰባ ልቀመጥ መጣሁ እንዴ?

አሜሪካ ውስጥ የሙያ ተማሪዎች እንዲህ ያሉ ማኅበራት በየዘርፉ አሏቸው። ለግብርናው ኤፍኤፍኤ፣ ለጤናው ሆሳ፣ ለንግዱ ዴካ። ስኪልስ ዩኤስኤ በፈረንጆቹ 1965 ቪካ በሚል ስም የተመሠረተ ሲሆን መካኒኩን፣ በያጁን፣ ኤሌክትሪሻኑን ያሰባስባል። ውድድሩ ከአካባቢ ተነስቶ እስከ አገር አቀፍ ይዘልቃል።

የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ የፍሬን ዲስክ ሰጡኝ። ውፍረቱን ማይክሮሜትር በሚባለው መለኪያ ለካሁ፤ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ በታች ነበር። እዚህ ድረስ ምንም አልሳትኩም። ቀጥሎ አንድ ዳኛ ደንበኛ መስሎ መጣና «መኪናዬ ምን ሆነ?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ «ዲስኩ አልቋል፣ ይቀየር» አልኩና ዝም። ባይቀየር ምን እንደሚመጣ አልነገርኩትም። እኛ ቤት ታላቅ ሲያናግርህ ዓይን ዓይኑን አታየውም። እዚያ ግን አንድ ነገር የደበቅኩት ነው የመሰለው። ሲቪዬንም ቤት ረስቼው ሄጄ ነበር፤ እሱም ነጥብ አስቀነሰኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በዓመቱ አባዬን ደንበኛ አደረግኩት። ኡበር ስለሚነዳ ፍሬን ቶሎ ይጨርሳል። ቅዳሜ ጠዋት የካምሪውን ጎማ ፈትቼ፣ ያለቀውን የፍሬን ሸራ በእጁ አስይዤ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በእንግሊዝኛ አስረዳዋለሁ። «ሌላ ጋራዥ በግማሽ ዋጋ ይሠሩልኛል» ብሎ ድርቅ ይላል። እንደሱ ያስላበኝ ዳኛ አላየሁም። በዚያ ዓመት ሦስተኛ ወጣሁ።

ከዚያ የክበቡ ምክትል ሆንኩና ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ስብሰባውን ከትምህርት በኋላ አደረግኩት። ማታ ሥራ ያላቸው ልጆች፣ ማለትም ጎበዞቹ፣ ቀሩ። ሁለት ወር ሙሉ «ፍላጎት የላቸውም» እያልኩ ሳማቸው ከርሜ፣ አንዷ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ወደ ምሳ ሰዓት ሳዞረው ወንበር ጠፋ።

አሁን ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ያለቀውን ዕቃ እጁ ላይ አስቀምጣለሁ። አባዬ ግን የፍሬኑን ሂሳብ እስካሁን አልከፈለኝም።