የሱስ ተመላላሽ ሕክምና፦ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ

ከጫት ወይም ከመጠጥ ለመላቀቅ ወስነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ክፍል የሚመጡ ሰዎች አብዛኛዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ይጠብቃሉ፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ባለሙያ የሱስን ጉዳት ዘርዝሮ፣ ገሥጾና መክሮ፣ ምናልባትም መርፌ ወግቶ እንደሚሸኛቸው። ተግሣጹንማ ከእናታቸው፣ ከንስሐ አባታቸው፣ ከአለቃቸውና ከጎረቤታቸው ለዓመታት ሲሰሙት ኖረዋል፤ ቢሠራ ኖሮ እኛ ዘንድ ባልመጡ ነበር። በሳይካትሪ ተመላላሽ ክፍል በምክር አገልግሎት የምሠራ እንደመሆኔ፣ ዘመድ ወዳጅ የሚደጋግምብኝን «እዚያ የገባ ሰው ምን ይደረጋል?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ መመለስ ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው የምርመራ ቀን ነው። ካርድ ወጥቶ ተራ ከተጠበቀ በኋላ ጥያቄው የሚጀምረው ከመጠንና ከድግግሞሽ ነው። ለመጠጥ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጠው እንደሆነ ይታሰባል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ለመቁጠር አያስቸግርም፤ የጠላው ጣሳና የአረቄው መለኪያ ግን ከቤት ቤት ይለያያሉ፣ የአረቄው ጥንካሬም እንዲሁ። ስለዚህ ባለሙያው «ስንት ጠጡ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ በስንት ሰዓት እንደገቡ፣ በስንት ሰዓት እንደወጡ፣ ስንት ብር እንደከፈሉና ማን እንደጋበዘዎት ይጠይቃል። ይህን እንደ ፖሊስ ምርመራ የሚቆጥሩት አሉ። ነገር ግን ከመለኪያው ቁጥር ይልቅ የተከፈለው ብር በተሻለ እንደሚታወስ ከልምድ አይተናል።

ከዚህ መልስ ተነሥቶ የሚወሰነው ትልቁ ጉዳይ ሰውየው ቤቱ እየኖረ መታከም ይችላል ወይስ አልጋ መያዝ አለበት የሚለው ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሳይቀምስ የማይረጋጋ ሰው በገዛ ውሳኔው በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ ግራ መጋባትና መቃዠት የተቀላቀለበት፣ ካልታከመ ሕይወት የሚያሳልፍ ሁኔታ ሊከተል ይችላል። ሱባዔ ለመግባት ወደ ጸበል የሚሄድ ጠጪም ይህን አደጋ ይዞ ስለሚሄድ አስቀድሞ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው። ጸበሉንና ሕክምናውን ጎን ለጎን የሚከታተሉ ብዙ ታካሚዎች አሉ፤ የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ጫት ሲቆም እንዲህ ያለ የሞት አደጋ አይታይም። ድብርት፣ መጫጫን፣ ብስጭትና ዱካክ ግን የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያከብዷቸዋል። ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት ስለሌለ ሕክምናው በዋናነት ምክሩ ራሱ ነው፤ ድብርቱ ከጠና ለድብርቱ መድኃኒት ይሰጣል። ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ ጨብሲ የሚል ሰው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ መተው ይኖርበታል፤ ጫቱን ትቶ መጠጡን የያዘ ሰው ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ጫቱን እንደሚያስብ ታካሚዎቻችን ራሳቸው ይነግሩናል። በትራማዶልና በመሳሰሉት ኦፒዮይድ በሚባሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች የተያዘ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ለእርሱ ምክር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ለዚህ የሚያገለግሉት ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

በምክሩ ክፍል ውስጥ ብዙ የሚናገረው ታካሚው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ የጀመረው ዘዴ ሰውን ከመሞገት ይልቅ በራሱ ውስጥ ያለውን የመለወጥ ፍላጎት እንዲናገር ማድረግ ላይ ያተኩራል። «ጫት ምን ጥሩ ነገር ሰጠዎት?» ተብለው ሲጠየቁ ግራ የሚጋቡ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ቤተሰብ ፊት የማይነገረው መልስ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ እንቅልፍ ይከለክልልኛል፣ ጓደኛ የማገኘው በርጫ ላይ ብቻ ነው፣ ከሰው ጋር ደፍሬ የማወራው ስቅም ነው። ጫት በሕይወቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራለት ያልታወቀው ሰው በምን እንደሚተካው ማቀድ አይችልም።

ታካሚው ክፍሉ ውስጥ የሚገኘው ቢበዛ በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትክክለኛው ሥራ ያለው በቀሩት ቀናት ውስጥ ነው፤ ለዚህም የሚያገለግለን ተራ ደብተር ነው። ለምሳሌ አንድ የሚኒባስ ሾፌር የሚያመጣው ገጽ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ማክሰኞ፣ 7:30፣ ከምሳ በኋላ፣ ተራ ይዤ፣ ረዳቴ ገዝቶ መጣ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ቃምኩ። ረቡዕ፣ 7:30፣ መኪናው ጋራዥ ነበር፣ አልቃምኩም።» እነዚህን ሁለት መስመሮች ይዘን አንድ ሙሉ ቀጠሮ ልንነጋገርባቸው እንችላለን። ምሳው የት ይበላ? ረዳቱ ተነግሮታል ወይስ አልተነገረውም? ገንዘቡ በማን እጅ ይቆይ? ሐራራው ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ የሚበርድ ስለሆነ፣ እስኪያልፍ ድረስ እግርና እጅ ምን ይሥሩ? ከዚያም «ዛሬ ይቅርብኝ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ባለሙያው ጋባዥ ሆኖ፣ ታካሚው እምቢ ባይ ሆኖ ይለማመዷታል። ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ይህን ሲያደርጉ ያፍራሉ፤ እኔም ጋባዥ ሆኜ ስጋብዝ ሳቄ ያመልጠኛል።

ብዙ ቤተሰቦች «ዘግታችሁ ያዙልን» ይላሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ አልጋ ይዞ መታከም ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሆኖም ተኝቶ የታከመ ሰው የሚመለሰው ጫት ቤቱ እዚያው ወዳለበት ሰፈር ነው፤ ጫት በአገራችን በሕግ ያልተከለከለ በመሆኑም ከየመንገዱ ዳር አይጠፋም። ተመላላሹ በዚያው ጫት ቤት በር እያለፈ ነው የሚታከመው፤ ስለዚህ ጅማሬው ይከብደዋል፣ የተማረው ግን እዚያው የሚኖርበት ቦታ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። በእኔ ግምት ሱሱን ሲያቋርጥ አደገኛ ምልክት የማይታይበት፣ የሚያርፍበት ቤትና ቢያንስ አንድ አጋዥ ሰው ያለው ታካሚ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህንኑ ነው።

አጋዡ ሰው በታካሚው ፈቃድ ወደ አንዳንድ ቀጠሮዎች ይጠራል። ኪስ እንዳይፈትሽ፣ አፍ እንዳያሸት፣ የደመወዝ ቀን ግን አብሮ እንዲሆን እንነግረዋለን። ታካሚው የነገረንን ለሚስትም ሆነ ለአሠሪ ያለ ፈቃዱ አናወጣም፤ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የቀረበ አደጋ ሲኖር ብቻ ይህ ይቀየራል፤ ይህንም በመጀመሪያው ቀን እንናገራለን። «አማኑኤል ሲገባ ታየ» መባልን ፈርተው ከሰፈራቸው ርቀው የሚታከሙ አሉ፤ መንገዱ ቢረዝምም ከመቅረት ይሻላል።

ያገረሸበት ሰው ከቀጠሮው መቅረት ይቀናዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ጥናት ተቋም ከሚታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያገረሽባቸው ጽፎ፣ ይህ ከደም ግፊትና ከአስም ሕሙማን ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ቅሞ የመጣን ሰው አናባርርም፤ ደብተሩን ከፍተን የዚያን ቀን ሰዓት በሰዓት እናያለን።

ቀጠሮው በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ፣ በኋላም በየወሩ ይሆናል። ከ90 ቀን ያነሰ ክትትል ውጤቱ ውስን ነው የሚለውን የዚያኑ ተቋም ምክር ስለምንከተል፣ የትራንስፖርቱን ወጪና ከሥራ የሚወሰደውን ፈቃድ ለሦስት ወር ያህል አስቦ መጀመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ሲመጡ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች ሁሉ፣ በተለይ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ፣ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይምጡ። ሳይቅሙና ሳይጠጡ ቢመጡ ይመረጣል፤ ጠዋት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ግን ለቀጠሮው ብለው በድንገት እንዳያቆሙ፣ እንዳሉ ይምጡ።