አራቱ ስፌቶች

የጥንታዊ ጨርቅ ጥገና ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ከግብፅ የመጣ የእጀ ጠባብ ቁራጭ ተዘርግቷል፤ ክርስትና በዓባይ ሸለቆ በተስፋፋበት ዘመን የተሸመነ። መደቡ ያልተነከረ የተልባ እግር፣ ጥበቡ ቀይና ሰማያዊ ሱፍ። ጥልፍ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሸማኔው ማጉን እየቀያየረ እዚያው ያወጣው ነው።

ወገቡ ላይ አግድም የሄደ እጥፋት አለ፤ በወፍራም ክር በረጃጅሙ የተሸለለ። «ይሄ የነጋዴ እጅ ነው» አልኩ። ጥርጣሬዬ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። እንዲህ ያለው ልብስ ግብፅ ውስጥ ተቆፍሮ በወጣበት ጊዜ የቅርስ ነጋዴዎች ጥበቡን ቆርጠው እየሸጡ ጥበብ የሌለውን ጨርቅ ይጥሉ ነበር፤ የተለያየ ልብስ ቁራጭ የገጣጠሙም አሉ።

ወረንጦና ትንሿን መቀስ አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እጥፋቱ ገለጥ ሲል ውስጡ የቀረው ቀይ ትናንት የተነከረ ይመስላል፤ ብርሃን ያገኘው የውጪው ግን ፈዞ ጡብ መስሏል። ደስ ብሎኝ ኃላፊዬን ጠራኋቸው።

ቀለሙን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ክሩስ?»

«የቱ ክር?»

«የቆረጥከው ነዋ ልጄ!»

ጠረጴዛውን በአቧራ መሳቢያ ማሽኑ አጽድቼዋለሁ።

የቀረውን ስፌት በማጉያ አዩት። አከራረሩ ከልብሱ ፈትል ጋር አንድ ነው። ለካ እንዲህ ያለው እጀ ጠባብ ተቆርጦ አይሰፋም፤ ከእጅጌ እስከ እጅጌ ቅርጹን ይዞ ይሸመናል። ለባሹ ላይ ከረዘመ ወገቡ ላይ ታጥፎ ይሸለላል፤ የልጅ ከሆነም ሲያድግ ይፈታለታል። የፈታሁት የለባሹን ቁመት ነበር።

አልተቆጡኝም፤ የታርካንን ቀሚስ አወሩልኝ እንጂ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1913 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ታርካን ከተባለ ቦታ ቆፍሮ ካወጣው የቆሸሸ ጨርቅ ክምር ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረ ነው። ቀሚስ መሆኑ የታወቀው በ1977 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ክምሩ ሲጸዳ ነው፤ ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሰው ለብሶት እንደነበር የመሰከረው ብብቱና ክርኑ ላይ የቀረው ጭምድድ ነው። «አንተ ብትሆን በካውያ ትተኩሰው ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከሰዓቱን በሙሉ የማሽኑን የአቧራ ከረጢት ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ በወረንጦ ስበረብር ዋልኩ። ሦስቱን ስፌት አገኘሁ፤ በትንሽ ብልቃጥ ከቁራጩ ጋር ተቀምጠዋል። መዝገቡ ላይ «አራተኛው ስፌት፦ በጥገና ወቅት ጠፍቷል» የሚለውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ፊርማዬም ከሥሩ አለ።