«ሉክ» የሚለውን ግስ ከነጓዙ የያዝኩበት መንገድ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው የሚፈራው ረጅሙን ቃል ነው፤ የሚጥለው ግን አጭሩ ነው። «ኢንቬስቲጌት» መመርመር መሆኑን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው አይጠፋበትም። «ሉክ» ግን ገና በጀማሪነታችን «ተመልከት» ተብሎ የተነገረን፣ ከዚያ በኋላ ዞር ብለን ያላየነው ግስ ነው። ከኋላው «አት» ሲመጣ ማየት ይሆናል፤ «ፎር» ሲመጣ መፈለግ፣ «አፍተር» ሲመጣ መንከባከብ፣ «ኢንቱ» ሲመጣ ደግሞ ያው መመርመር። ለእያንዳንዱ ድርጊት የራሱን ግስ የሚያቀርብ ቋንቋ ተናግሮ ላደገ ሰው ይህ ቁጠባ ሳይሆን ንፍገት ይመስላል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስን ከኋላው በሚከተለው ትንሽ ቃል ትርጉሙን መለወጥ ምናልባት ከየትኛውም ቋንቋ ይልቅ በእንግሊዝኛ የበዛ መሆኑን፣ ለውጭ አገር ሰዎችም ትልቁን ችግር የሚያመጣው ይኸው መሆኑን ጽፏል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የተቸገርኩት በስንፍናዬ ነው የሚለውን ሐሳብ ተውኩት።

ሐረጋዊ ግሶችን፣ ማለትም ግስን ከነተከታይ ትንሽ ቃሉ፣ በፊደል ተራ ደርድረው ትርጉማቸውን ፊት ለፊት የሚያስቀምጡ ዝርዝሮች ለፈተና ዋዜማ ይጠቅሙ ይሆናል። ለመናገር ግን አይሆኑም፤ ምክንያቱም ከዝርዝሩ ውስጥ ተሳቢው ጠፍቷል። ማን ማንን፣ ምን ምንን እንደሆነ የማይናገር ትርጉም በአፍ ላይ አይቆምም። ስለዚህ አንድ ግስ ብቻ ይዤ እስክጠግበው ድረስ ላለመልቀቅ ወሰንኩ። «ሉክ»ን የመረጥኩት መነሻው ዓይን ስለሆነ ነው። ዓይን አቅጣጫ አለው፤ እንደ «አት» እና «ፎር» ያለው ትንሽ ቃል፣ መስተዋድድ የሚባለውም፣ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው።

በማነብበው ነገር ሁሉ ውስጥ «ሉክ» ባጋጠመኝ ቁጥር ዐረፍተ ነገሩን ሳልቆርጥ በደብተር እገለብጠው ነበር። ገጾቹን የከፈልኩት በትርጉም ሳይሆን በመስተዋድዱ ነው፤ የ«አት» ገጽ፣ የ«ፎር» ገጽ፣ የ«ኢንቱ» ገጽ እያልኩ። ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን ተሳቢው ሰው ነው፣ ዕቃ ነው፣ ወይስ ጉዳይ ነው የሚለውን እጽፋለሁ። ገጾቹ ሲሞሉ ትርጉሙ የተቀመጠው ከግሱ ይልቅ በተከታዩ ላይ መሆኑ በግልጽ መታየት ጀመረ።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ አገዘኝ። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን እንውሰድ። ግሱ አንድ ነው፤ ሆኖም አንደኛው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለተኛው ወህኒ ይወርዳል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»፣ «ሳቀለት» እና «ሳቀበት» እንዲሁ ናቸው። «ለ» ወደ ጥቅም፣ «በ» ወደ ጉዳት ያዘነብላል፤ ይህን ግን ማናችንም ከዝርዝር አልሸመደድንም። በትንሽ ቃል ትርጉም መገልበጥ እንግዳ ነገር እንዳልሆነብን ከተቀበልኩ በኋላ ለእንግሊዝኛዎቹ መስተዋድዶችም የየራሳቸውን ጠባይ መፈለግ ቀለለኝ።

«አት» ዒላማ ነው፤ ዓይን አንድ ነገር ላይ ያርፋል። በ«ፎር» ግን ዓይን ማረፊያ የለውም፤ ያልተገኘ ነገር ይዞራል። «ሉክ አት ዘ ኪ» ሲባል ቁልፉ ፊት ለፊት አለ፤ «ሉክ ፎር ዘ ኪ» ሲባል ቁልፉ የለም። «አፍተር» ከኋላ እየተከተሉ በዓይን መጠበቅ ነው፤ ተሳቢውም ሕፃን፣ ሕመምተኛ፣ ወይም ባለቤቱ ትቶት የሄደ ንብረት ይሆናል። «ኢንቱ» ወደ ውስጥ ይገባል። ተሳቢው ሣጥን ከሆነ በእርግጥም በዓይን ወደ ሣጥን ማየት ነው፤ ቅሬታ ወይም የአደጋ መንስኤ ከሆነ ግን ምርመራ ነው። ተሳቢውን ካልጻፍኩ ሁለቱን የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ፣ «ሉክ አፕ ቱ» ማክበር መሆኑን ለመያዝ ደግሞ ምንም አልደከምኩም፤ እኛም ሰውን ዝቅ አድርገን ወይም ከፍ አድርገን እናያለን።

ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ «አፕ» ነው። «ሉክ አፕ አት ዘ ስካይ» ቀና ብሎ ሰማይን ማየት ነው። «ሉክ አፕ ኤ ዎርድ» ቃልን ከመዝገበ ቃላት መፈለግ ነው። «ሲንግስ አር ሉኪንግ አፕ» ደግሞ ነገሮች እየተሻሻሉ ነው ማለት ሲሆን ተሳቢ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ምን አገናኘው? መልሱን ያገኘሁት ሌሎች ግሶችን አጠገቡ ሳስቀምጥ ነው። «ዲግ አፕ» ቆፍሮ ማውጣት፣ «ብሪንግ አፕ» በውይይት መካከል ጉዳይ ማንሳት፣ «ተርን አፕ» ድንገት ብቅ ማለት ነው። በሁሉም ውስጥ ተደብቆ የነበረ ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል፤ በመዝገበ ቃላት የሚፈለገው ቃልም እንደዚያው ነው። ከዚህ የሚለይ ሌላ «አፕ» ደግሞ አለ፤ እሱም ድርጊትን እስከ መጨረሻው ያደርሳል፤ «ዩዝ አፕ» አሟጦ መጨረስ ነው። ሁለቱን «አፖች» በሁለት ገጽ ከለየኋቸው ወዲህ አልተቀላቀሉብኝም።

ከዚያ የሰዋስው ጉዳይ ተከተለ። ቃሉን ፈልገው ለማለት «ሉክ ኢት አፕ» ይባላል፤ «ሉክ አፕ ኢት» አይባልም። ቁልፉን ፈልገው ለማለት ግን «ሉክ ፎር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት ፎር» አይባልም። ምክንያቱ «ፎር» እውነተኛ መስተዋድድ ስለሆነ ከተሳቢው አይለይም፤ በዚህኛው «ሉክ አፕ» ውስጥ ያለው «አፕ» ግን የግሱ አካል የሆነ ተውሳከ ግስ ነው። ተሳቢው ሙሉ ስም ከሆነ ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ሊቀመጥ ይችላል፤ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ መሐል ይገባል። የምጠቀምበት ሌላ መፈተኛ «ኬርፉሊ» የሚለውን ቃል በመካከል ማስገባት ነው። «ሉክ ኬርፉሊ አት ዘ ፒክቸር» ደህና ይሄዳል፤ «ሉክ ኬርፉሊ አፕ ዘ ዎርድ» ግን ጆሮ አይቀበለውም። አንዳንድ የተማሪ መዝገበ ቃላት ተሳቢው መንቀሳቀስ የሚችልበትን ግስ ሁለት ጫፍ ባለው ቀስት ያመለክታሉ። ይህን ቀስት አልፎ ትርጉሙን ብቻ የሚያነብ ሰው ከመዝገበ ቃላቱ ጥቅም ግማሹን ትቶታል።

ይኸው ልዩነት በድምፅም ይሰማል። በ«ሉክ ኢት አፕ» ውስጥ ጫና የሚያርፈው «አፕ» ላይ ነው። በ«ሉክ አት ኢት» ውስጥ ግን ጫናውን የሚወስደው «ሉክ» ነው፤ «አት» ተጨፍልቆ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል። «ፎር»ም እንዲሁ ይሟሽሻል። በፍጥነት የሚናገር ሰው መስተዋድዱን የዋጠው የሚመስለን ለዚህ ነው። ቀረጻዎችን እየደጋገምኩ ሳዳምጥ መስተዋድዱን በጆሮ ማሳደድ ትቼ ጫናው የት እንዳረፈ መጠበቅ ጀመርኩ፤ ያኔ የተቀረው ራሱ ይመጣል። መስተዋድዱ ሙሉ ድምፁን የሚያገኘው በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ሲቀመጥ ነው፤ «ዋት አር ዩ ሉኪንግ አት?» እንደሚባለው።

ይህ መጨረሻ ላይ መንጠልጠል ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎችን ያሰናክላል። እንግዳ የሚሆንብን ግን ሁልጊዜ አይደለም። «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን» ስንል «የተቀመጥኩበት ወንበር» ማለታችን ነው፤ «ኦን» እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ እንደቀረ ሁሉ «በት»ም ከግሳችን ጫፍ ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ኦን»ን አንረሳም። «የምፈልገው መጽሐፍ» ውስጥ ግን «ለት»ም «በት»ም የለም፤ በዚህ የተነሣ «ዘ ቡክ አይ አም ሉኪንግ» ብለን «ፎር»ን እንጥላለን። አማርኛው ምልክት የማያሳይባቸውን ግሶች ለይቼ በቀይ ቀለም ጻፍኳቸው። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ በጥቂት ድካም ብዙ ውጤት የሰጠኝ ይህ ነው።

በጉጉት መጠበቅ የሚል ትርጉም ያለው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ደብዳቤ የሚጽፍን ሁሉ ይፈትናል። ከ«ቱ» በኋላ ባዶ ግስ ማስቀመጥ የለመደ እጅ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ያለው «ቱ» ግን መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ የግስ ቅርጽ ይፈልጋል፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» ነው የሚባለው። ለማረጋገጥ ግሱን አንስቶ «ኢት» መተካት ይበቃል፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ካስኬደ «ኢንግ» የግድ ነው። መምሰል በሚለው «ሉክ ላይክ» ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጥያቄው «ዋት» ሲሆን «ላይክ» ይኖራል፣ «ሃው» ሲሆን ይቀራል።

የሚያዝናናኝ «ሉክ ኦቨር» እና «ኦቨርሉክ» ናቸው። የመጀመሪያው ጽሑፍን ፈጠን ብሎ መገምገም ሲሆን ሁለተኛው ሳያዩ ማለፍ ነው፤ ከኮረብታ ላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤትም «ኦቨርሉክ» ያደርጋል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ቃላትን ብዙ ጊዜ ከግሱ ፊት ይለጥፍ ነበር፤ ከኋላ ማስከተሉ የበረታው በኋለኞቹ ዘመናት ነው። «ዊዝስታንድ» ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው፤ «ዊዝ» ያኔ «ተቃራኒ» የሚል ትርጉም ነበረው፣ ቃሉም ተቋቁሞ መቆም ማለት ነው።

የትኛው ቃል ለመደበኛ ጽሑፍ፣ የትኛው ለተራ ወሬ ይስማማል የሚለው ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ የፈረንሳይኛ፣ ቆየት ብሎም የላቲን ቃላት በብዛት ገብተዋል። በዚህ የተነሣ «ሉክ ኢንቱ» እና «ኢንቬስቲጌት»፣ «ሉክ ዳውን ኦን» እና «ዲስፓይዝ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። እኛ ዘንድ ግእዝ የያዘውን የክብር ወንበር እዚያ ላቲን ይዞታል። በቃል ንግግር ሁልጊዜ የክብሩን ቃል የሚመርጥ ሰው ሰዋስው አልሳተም፤ ከጓደኛው ጋር እያወራ ሪፖርት የሚያነብ ይመስላል እንጂ።

«ሉክ» ሲያልቅ ገጾቹን ይዤ ወደ ሌሎች ግሶች አለፍኩ። የ«አፍተር» ገጽ ላይ «አስክ አፍተር»ን ጨመርኩ፤ የአንድን ሰው ደኅንነት መጠየቅ ነው። «ቴክ አፍተር»ንም ጨመርኩ፤ ልጅ በመልክ ወይም በጠባይ ወላጁን ሲመስል የሚባል ነው። ሁለቱም ተሳቢያቸውን ከኋላ እንጂ ከመሐል አያስገቡም። «ቴክ ኦፍ» ግን ልብስ ማውለቅ ሲሆን «ቴክ ኢት ኦፍ» ይላል፤ አውሮፕላን ሲነሣ ደግሞ ተሳቢ አይፈልግም። «ጌት»ን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ መነሻ ትርጉሙ ራሱ አንድ ቦታ ስለማይረጋ ለጀማሪ አልመክረውም። «ሉክ» የማይስማማው ሰው በ«ፑት» ወይም በ«ካም» ቢጀምር ይሻለዋል፤ ሁለቱም በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ አላቸው፣ የ«ኢንቱ»ን፣ የ«አፕ»ን እና የ«ኦፍ»ን ገጾችም በፍጥነት ይሞላሉ።