በአንድ ጥንድ ጠቋሚ ሁለት አቆጣጠር፦ ባለቀለሙን ሰዓት እንዴት እንደሠራሁት

ለየት ያለ ባለቀለም የሰዓት ገጽ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሥዕሉ አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው ማስጸደቁ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ሥራውን ያዘዘኝ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። አዳራሹ የአገር ሰውም የውጭ እንግዳም ስለሚገባበት ለሁሉም የሚነበብ ሰዓት ፈለጉ። ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን መስቀል አልወደድኩም። በእኛና በውጭው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ነው፤ ደቂቃው አንድ ነው። ስለዚህ በውጪኛው ቀለበት ላይ ፲፪ን ከአናቱ አደረግሁና በውስጠኛው ቀለበት ትንሿን 6 እዚያው ሥር አስቀመጥኳት። ጠቋሚው ፫ ላይ ሲደርስ ለእኛ ሦስት ሰዓት፣ ለእንግዳው 9 ነው።

ቀለሙን ከፀሐይዋ ወሰድኩ። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትወጣ የንጋቱ ቀለም ዓመቱን ሙሉ ቦታውን አይለቅም። ለጠዋት የደንገል አረንጓዴ፣ ለቀትር ቢጫ፣ ለአመሻሽ ቀይ፤ ለሌሊቱ ደግሞ ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ ቀለበት። ቀለማቱን በጥቁር መስመር መለየትን የተማርኩት ዘጌ፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ነው። ቀይና ቢጫው እንደዚያ ደምቀው የማይጣሉት መስመሩ ስላለ ነው።

ኤምዲኤፉን (የተጨመቀውን የእንጨት ሰሌዳ) ክብ ማስቆረጥ፣ መሃሉን መብሳት፣ አክሪሊክ መቀባት፣ ቫርኒሽ፤ እዚህ ላይ ችግር የለም። ጠቋሚዎቹን የሚያዞረውን የሰዓት ማሽን ስትገዙ ብቻ በቀዳዳው የሚያልፈው ባለጥርስ ዘንጉ ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት መብለጡን እዩ።

ከዚያ ኮሚቴው መጣ። ንድፉን በወረቀት አቅርቢ ተባልኩ፣ አቀረብኩ። ሰብሳቢው ገና ሲያዩት «እህቴ፣ ሰዓት ሰዓት መምሰል አለበት» አሉኝ። አንዱ አባል መዋዕለ ሕፃናት አስመሰልሽው አለ። ሌላው 6 ከላይ መሆኑ ስህተት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ፲፪ ከላይ ከሆነ 6 እዚያው መዋሉ ግድ መሆኑን ወረቀቱ ላይ በጣቴ እያዞርኩ አስረዳሁ። «በዓለም ላይ ከላይ የሚሆነው 12 ነው» አለኝ። ከላይ ያለው እኮ እሱው ነው፣ በግዕዝ! በነጭ ላይ ጥቁር ቁጥር ይሁን ብለው ቃለ ጉባኤ ያዙ። እንዲያ ከሆነማ ከገበያ ገዝተው ለምን አይሰቅሉም? ውሳኔው እንዲታይልኝ ደብዳቤ አስገባሁ። ሰብሳቢው ስብሰባ ናቸው፤ ጸሐፊዋ ፈቃድ ላይ ናት፤ ደብዳቤሽ ከመዝገብ ቤት አልወጣም። እስካሁን ሳስበው ያበግነኛል። አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ ቆመው «ከበሩ ላይ ሆኖ ይነበባል ወይ?» ብለው አልጠየቁም።

በመጨረሻ ወረቀቱን ትቼ ሰዓቱን በራሴ ወጪ ጨረስኩትና እየሠራ ይዤው ገባሁ። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። «ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው። ሰብሳቢው በእኛ አነበቡ፤ ያ 6 ስህተት ነው ያለው ሰው በውጭው አነበበ። ቀለሙ አንድም ሳይነካ ጸደቀ፤ በዚህ እኮራለሁ።

መመሪያው መጀመሪያ ንድፍ፣ ቀጥሎ ሥራ ይላል። እኔ ግን ትንሽም ብትሆን የምትሠራ ናሙና ይዛችሁ ግቡ እላለሁ። የግዕዝ ቁጥሮቹን ወደ መሃል አዙሩ ቢሏችሁ እንዳትሰሙ፤ ከታች ያሉት ፮ እና ፯ ሲገለበጡ ላልለመደ ዓይን አይነበቡም። ቁጥሮቹን በጥቁር ጽፋችሁ ዙሪያቸውን ነጭ ጠርዝ ስጧቸው። ደግሞ ግማሽ ክፍያ ሳትቀበሉ ብሩሽ አታንሱ፤ ኮሚቴ የሚያስቀይረው እያንዳንዱ ቀለም ተጨማሪ እንደሚያስከፍል ውሉ ላይ አስፍሩ።